በራስ ሕመም ዳኛ መሆን

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ሰሞን ቢሮዬ መጥቶ የስሜንን ተራሮች ብቻውን፣ ከተለመደው የእግር መንገድ ወጥቶ፣ ድንኳኑን ተሸክሞ ሊወጣ ማሰቡን አጫወተኝ፡፡ "ጋሼ፣ እግሬ እንደሆነ አይታማም" አለኝ፡፡ "እኔን የሚያሰጋኝ እግርህ ሳይሆን ጭንቅላትህ ነው" ብለው ተቀየመ፡፡ ስድብ ግን አልነበረም፡፡

የራስ ደጀን ከፍታ ከ4 ሺሕ 500 ሜትር በላይ ነው፡፡ እዚያም ቢሆን ከአየሩ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው፤ የሚያንሰው የአየሩ ግፊት ነው፡፡ ግፊቱ በባህር ጠለል ካለው 60 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል፡፡ የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ ስለለመደ ከቆላ ሰው ይሻላል እንጂ ነፃ አይደለም፡፡ መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል፡፡ ይህን ችላ ብሎ ሽቅብ የሚገፋ ሰው፣ አልፎ አልፎ፣ አንጎሉ ያብጣል፡፡ ያን ጊዜ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ይዘባርቃል፤ ክፋቱ ደግሞ "ምንም አልሆንኩም" ይላል፡፡ ዋናው መድኃኒት ሳይውሉ ሳያድሩ መውረድ ነው፡፡ "ውረድ" የሚለው ግን ማን ነው?

እኛ የሕግ ሰዎች ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም እንላለን፡፡ ብቻውን የሚጓዝ ሰው በሽተኛውም ሐኪሙም ራሱ ነው፤ ያውም ሐኪሙ አእምሮው ታውኮ፡፡ ጓደኛ ቢኖረው "እስቲ ቀጥ ብለህ ተራመድ" ብሎ ይፈትነው ነበር፡፡ ስሜን ላይ ደግሞ መውረድ ራሱ ቀላል አይደለም፡፡ ከጨነቅ በቧሂት በኩል ወደ ራስ ደጀን የተሻገረ ሰው፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ቢወርድም፣ በመጣበት ለመመለስ እንደገና ሽቅብ መውጣት አለበት፡፡ ከመንገድ የወጣ ከሆነማ በጭጋግ ውስጥ ቁልቁለት የመሰለው ገደል ሊሆን ይችላል፡፡

ስለዚህ ፍርዱ ገና በጤና ሳሉ ተጽፎ ማለቅ አለበት፡፡ ከ3 ሺሕ ሜትር በላይ የዛሬው ማደሪያ ከትናንቱ ከ500 ሜትር የበለጠ ከፍ አይልም፡፡ ራሱን ያመመው ሰው እስኪሻለው ሽቅብ አይልም፡፡ ይግባኝ የለም፡፡ መኪና ከጎንደር ተነስቶ በአንድ ቀን ጨነቅ ማድረሱ ምቾት ይመስላል እንጂ፣ ሰውነትን የሚያላምደው ደባርቅ፣ ሳንቃበር፣ ግጭ እያሉ ማደሩ ነው፡፡

ልጁ ሬይንሆልድ ሜስነርን ጠቀሰልኝ፡፡ እውነት ነው፣ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1980 ኤቨረስትን ብቻውን፣ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ወጥቷል፡፡ ከዚያ በፊት በ1978 ያለ ኦክስጅን ሲወጣ ግን ከፒተር ሃበለር ጋር ነበር፡፡

ወረቀቱን ጽፎ፣ የመመለሻውን ቀን ጨምሮ፣ አንድ ቅጂ ሰጥቶኛል፡፡ ፓርኩ ተጓዥ ስካውት ይዞ እንዲሄድ ማዘዙን ግን እንደ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው የሚያየው፡፡ እኔ ምስክር ነው እላለሁ፡፡ ገና አልተስማማንም፡፡