የዳማከሴ ጠረን ምን ይሠራል?

በእኛ በሐይቅ እስጢፋኖስና በአምባሰል አገር፣ ሰው ላብ ላብ ብሎት ሳለ ፀሐይ ሲያገኘው «ምች መታው» ይባላል። ራሱን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ከንፈሩም ይቈስላል። ያን ጊዜ እናቶቻችን ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፈው፣ በእጃቸው አሽተው ይጨምቁና በቡና ያጠጡታል፤ ገላውንም ይቀቡታል። ጕንፋን ሲይዘን ጦስኝ በሻይ እንጠጣለን፤ በባሕር ዛፍ ቅጠልም ተሸፋፍነን እንታጠናለን። እኔም ይህን ልማድ በኬሚስትሪ ትምህርት ዓይን ለመመልከት ወደድሁ።

እነዚህን ዕፀዋት አንድ የሚያደርጋቸው ጠረናቸው ነው። በቅጠላቸው በዓይን የማይለዩ ትናንሽ ከረጢቶች አሉ፤ በነዚያም ውስጥ ቶሎ የሚተን ዘይት ይገኛል። ቅጠሉ ሲታሽ ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ፣ ዘይቱም ይወጣል። ስንታጠን የምንሸፋፈነውም እንፋሎቱ ዘይቱን ይዞ እንዳያመልጥ ነው። የጦስኝ ዘይት ቲሞልና ካርቫክሮል፣ የባሕር ዛፍ ዘይት ደግሞ ሲኒዮል የሚባል ነገር አለበት።

ሰውነታችን ሲጐዳ ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል፣ ያማል። ይህን ከሚያስነሡት አንዱ ፕሮስታግላንዲን ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ቬን፣ አስፒሪን የፕሮስታግላንዲንን መሠራት እንደሚያግድ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1971 ገለጠ፤ በ1982ም ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ካርቫክሮልም በቤተ ሙከራ ሲፈተን ይህንኑ መንገድ ሲያዳክም ታይቷል። ከዳማከሴ ቅጠል የተወሰደ ፈሳሽ የአይጦችን ትኩሳት አብርዷል። በ2003 በታተመ የጀርመን ጥናት፣ ከ32 የአስም ሕሙማን መካከል ሲኒዮል የተሰጣቸው፣ ይውጡት የነበረውን ብርቱ መድኃኒት ከሌሎቹ ይበልጥ ለመቀነስ ችለዋል።

እንግዲህ የእናቶቻችን ቅጠል የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እብጠትንና ትኩሳትን ማብረድ አንድ ነገር ነው፤ በሽታውን ከሥሩ ማጥፋት ሌላ ነገር ነው። በቋንቋችን «የሳንባ ምች» የሚባለው በሽታ ከጓሮው ምች ጋራ ስም ቢጋራም፣ ብዙ ጊዜ በባክቴሪያ የሚመጣና ሕፃናትን የሚገድል ነው። ወባም እንዲሁ በትኩሳት ይጀምራል። ለነዚህ ዳማከሴ አይበቃቸውም። ደግሞም ተጣርቶ በጠርሙስ የሚሸጥ የባሕር ዛፍ ዘይት እንደ ቅጠሉ የለዘበ አይደለምና፣ ሕፃን ቢጠጣው ይመርዘዋል።

ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፣ ዳማከሴውን በየጓሮአችን እንትከል። ትንፋሹ የፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጕድ ሕፃን ባየን ጊዜ ግን፣ ምች ነው ብለን አንዘግይ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ ለወላጆቻችን እንንገር።