የሕዝብን ድምፅ የሚጠብቅ ሰው

በምዕራብ ጎጃም፥ በሰከላ ወረዳ፥ ግሽ ዓባይ የምትባል ከተማ አለች። በአጠገብዋ ትንሽ ምንጭ ትፈልቃለች። ከዚያ የሚነሣው ውሃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል፤ ዓባይም ከጣና ወጥቶ እስከ ሱዳንና እስከ ግብፅ ይደርሳል። ውሃ ከምንጩ ከደፈረሰ በታች የሚቀዳው ሰው ሁሉ ድፍርሱን ይጠጣል። የሕዝብ ምርጫም እንደዚሁ ነው፤ ምርጫው ካልጠራ ከእርሱ የሚወጣው ሹመት ሊጠራ አይችልም። ይህ ምንጭ እንዳይደፈርስ የሚጠብቀው ሰው ምርጫ አስፈጻሚ ይባላል።

በቀድሞ ዘመን ሕዝቡ እንደራሴዎቹን ራሱ አይመርጥም ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የምክር ቤት እንደራሴዎችን መኳንንትና ሹማምንት እንዲመርጡ አዘዘ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጣቸው ፈቀደ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ38ኛው አንቀጽ፥ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ በምስጢር ድምፁን ይሰጥ ዘንድ መብት ሰጠው።

ምርጫ ለታላቁ ምክር ቤት ብቻ አይደለም፤ ለወረዳና ለቀበሌ ምክር ቤትም ነው። እንዲህ ያለ የአካባቢ ምርጫ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. እና በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተደርጎአል። በቀበሌ ምርጫ መራጩም ተመራጩም አስፈጻሚውም በአንድ ገበያ የሚውሉ፥ በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የአስፈጻሚው ፈተና በዚህ ጊዜ ይበረታል።

የአስፈጻሚው ሥራ ምንድር ነው? አስቀድሞ መራጮችን በመዝገብ ይጽፋል፤ ካርድም ይሰጣቸዋል። በምርጫው ቀን ጣቢያው በጧቱ 12 ሰዓት ይከፈታል። ያን ጊዜ ሳጥኑን ከፍቶ ባዶ መሆኑን ለዕጩዎች ወኪሎች ያሳያል፤ ከዚያም ያሽገዋል። መራጩ ሲመጣ ስሙን ከመዝገቡ ይፈልጋል፤ ሁለተኛ እንዳይመርጥም ጣቱን በማይለቅ ቀለም ይቀባዋል፤ ወረቀትም ይሰጠዋል። ማንበብ የማይችል ሰው የሚፈልገውን ይለይ ዘንድ በወረቀቱ ላይ የዕጩዎቹ ምልክት ታትሞበታል። መራጩ ማንም በማያየው ስፍራ ለብቻው ሆኖ ይመርጣል፤ ወረቀቱንም አጥፎ በሳጥኑ ይጨምራል። ሽማግሌዎችና ነፍሰ ጡሮች በሰልፍ እንዳይደክሙ አስቀድመው ይገባሉ።

ጣቢያው ማታ በ12 ሰዓት ይዘጋል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ደርሶ በሰልፍ የቆመ ሰው ሳይመርጥ አይመለስም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ምርጫ ሰልፉ ስለ በዛ ሰዓቱ እስከ ማታ 3 ሰዓት ተራዝሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ በወኪሎቹ ፊት ይከፈታል፤ ወረቀቱም አንድ በአንድ ይቈጠራል። ውጤቱ ተጽፎ ከተፈረመ በኋላ ሁሉ እንዲያየው በጣቢያው ላይ ይለጠፋል።

ይህ ሁሉ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ክፉ ሰው ጉቦ ይዞ ሲመጣ እምቢ ማለት አያስቸግርም፤ የሚወዱት ጎረቤት ሲለምን ግን እምቢ ማለት ይከብዳል። አንድ ሽማግሌ ወደ አስፈጻሚው ቀርበው፥ «ልጄ፥ ባለቤቴ ታማ ተኝታለች፤ ካርድዋ ይኸው፤ በርስዋ ፋንታ እኔ ልምረጥላት» ቢሉት ምን ይመልሳል? ሽማግሌው ውሸት አልተናገሩም፤ ክፋትም አላሰቡም። ቢሆንም አስፈጻሚው፥ «አባቴ፥ እግዜር ይማርልዎ፤ ነገር ግን የርስዋን ድምፅ ከርስዋ በቀር የሚሰጥ የለም» ሊላቸው ይገባዋል። ዛሬ ለደግ ሰው የተከፈተው በር ነገ ለክፉም ይከፈታልና።

በቡሬ ገበያ እህል የሚሰፍር ሰው ለዘመዱ ቁናውን ቢከምር፥ ለባዕድ ግን ቢያጎድል፥ ማን ያምነዋል? አንድ ቀን ዘመዱም ይጠረጥረዋል። አባቶች «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ያሉት ስለዚህ ነው። የምርጫ ሕግም አስፈጻሚው ወደ ማንም ወገን እንዳያዘነብል ያዘዋል።

የቈጠራ እምነት ሲጠፋ የሚመጣው ጥፋት ታላቅ ነው። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በኋላ በውጤቱ ላይ ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩም ወደ ብጥብጥ ተለውጦ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ ሰዎች ሞቱ። ቈጠራው ሲታመን ግን የተሸነፈው ሰው ቢያዝንም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል፤ በሌላ ጊዜም ተመልሶ ይወዳደራል።

ይህ ታማኝነት በአንድ ቀን አይገኝም፤ ከልጅነት ይለመዳል። በትምህርት ቤት የክፍል አለቃ ሲመረጥ፥ እጅ የሚቈጥረው ልጅ የባልንጀራው ተቃራኒ ማሸነፉን አይቶ ቍጥሩን ሳይለውጥ ቢናገር፥ ባልንጀራው ለጊዜው ይቈጣው ይሆናል። ክፍሉ ግን ሁለተኛ ቈጣሪ ሲፈልግ እርሱን ይጠራል።