ለቪዲዮ ጌም ሠዓሊነት ከኮምፒዩተሩ በፊት እርሳሱ

በውጭ አገር ልጅ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ምኞቱ የታወቀ ነው። ልጁ ሐኪም እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ ካልሆነም መሐንዲስ፣ እሱም ካልሆነ ፋርማሲስት። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ታክሲ እየሠራ የሚደክመው ለዚሁ ነው። እናም አንድ ምሽት የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ «አባዬ፣ እኔ የቪዲዮ ጌም ሥዕል ነው መማር የምፈልገው» ሲል ቤቱ ጸጥ ይላል። አባት ላቡን ያስባል፤ እናት «ደግሞ ጨዋታም ሥራ ሆነ?» ትላለች፤ ልጁም በሩን ዘግቶ ወደ ኮምፒዩተሩ ይመለሳል።

ክርክሩ በብዙ ቤት የሚያልቀው ከሁለት በአንዱ ነው። ወይ ልጁ ተገሥጾ ዝም እንዲል ይደረጋል፣ ወይ ወላጅ ተሸንፎ ውድ ኮምፒዩተር ይገዛለታል፣ በብድርም ትምህርት ቤት ያስገባዋል። ሁለቱም አያዋጣም። በመካከላቸው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መንገድ አለ፤ እሱም እርሳስና ወረቀት ነው።

ብድሩ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቅርቡ ታይቷል። አርት ኢንስቲትዩትስ የሚባለው ለትርፍ የቆመ የትምህርት ቤቶች ሰንሰለት በየከተማው ቅርንጫፍ ነበረው፤ ወገን በብዛት በሚኖርበት በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያም አንድ ነበር። ያስተምራቸው ከነበሩት ሙያዎች አንዱ የጌም ሥዕልና ዲዛይን ነበር። አብዛኛው ተመራቂ ሥራ እንደሚያገኝ፣ ደመወዙም ከፍ ያለ እንደሚሆን እየተነገራቸው ወጣቶች ተበድረው ገቡ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 መጨረሻ የቀሩት ስምንት ቅርንጫፎች በአንድ ቀን ተዘጉ። በሜይ 2024 ደግሞ የአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት ለተማሪዎቹ የተነገራቸው የሥራና የደመወዝ ቁጥር ያሳሳተ እንደነበር ገልጾ የ317,000 ሰዎችን 6.1 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ሰረዘ። ዕዳው ቢሰረዝም የባከነውን ዕድሜ የሚመልስ የለም።

ይህ ማለት ሙያው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከማርች እስከ ሴፕቴምበር የዋሽንግተኑ የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የቪዲዮ ጌም ጥበብ ዐውደ ርዕይ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አሥራ አራት ጌሞችን ከስብስቡ ጨምሯል። ጥያቄው ሙያው በምን ይገባል የሚለው ነው።

ባለ ቀይ ቆቡንና ባለ ጢሙን ማሪዮን የማያውቅ ልጅ የለም። የፈጠረው ጃፓናዊው ሺገሩ ሚያሞቶ ነው። እሱም ካናዛዋ ከተማ በሚገኝ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ የኢንዱስትሪ ዲዛይን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1977 ኒንቴንዶ ኩባንያ ተቀጠረ። በ1981 «ዶንኪ ኮንግ» ለተባለው ጌም ሰው ሲነድፍ የዘመኑ ማሽን የሰጠው ቦታ እጅግ ጠባብ ነበር፤ ሰውዬው በቁመትም በወርድም ከአሥራ ስድስት ነጥብ አይበልጥም። አፍ ለመሣል ቦታ ስላልነበረ ጢም አደረገለት። ሲዘል ፀጉሩን ማንቀሳቀስ ስላስቸገረ ቆብ ደፋለት። እጁ ሲወዛወዝ ከሰውነቱ እንዲለይ ባለ ማንገቻ ሱሪ አለበሰው። ይህንን መላ የመታው በጥቂት ነጥብ ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ የሚያውቅ ዓይን ነው።

በሲያትል አጠገብ፣ በቤልቪው የሚገኘው ቫልቭ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው «ቲም ፎርትረስ 2» ዘጠኝ ዓይነት ተዋጊዎች አሉት። ሠዓሊዎቹ የነደፏቸው ዝርዝሩ ሁሉ ጠፍቶ ጥቁር ጥላቸው ብቻ ቢቀር እንኳ ማን ማን እንደሆነ ከሩቅ እንዲለይ አድርገው ነው። ብልሃቱ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን ከነሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ትላልቅ ዓይኖች ይሥለዋል፤ ክፉውን ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ከበሩ ላይ ሆኖ ቅዱሱንና ርኩሱን ይለያል። ጌም ተጫዋቹም ወዳጅና ጠላት ለመለየት ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም።

የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል የማያስተምረው አንድ ነገር ቢኖር ርቀት ነው። እዚያ ትልቅ ሆኖ የሚሣለው የከበረው እንጂ የቀረበው አይደለም። በዛሬው ጌም ግን ተጫዋቹ የሚሄድበት መንገድ እየራቀ ይጠባል፣ ግንቡም እያነሰ ይሄዳል። ይህን ሕግ ብሩኔሌስኪ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በፍሎረንስ አሳየ፤ አልቤርቲ በ1435 በመጽሐፍ አብራራው። ኮምፒዩተሩ በየሰከንዱ የሚያሰላው ያንኑ ነው። «ማሽኑ ካሰላው ልጁ ለምን ይማረዋል?» የሚል አይጠፋም። ከተማው በኮምፒዩተር ከመገንባቱ በፊት አንድ ሰው በእጁ መንደፍ አለበት፤ የሚቀጠረውም ያ ሰው ነው።

ታዲያ ልምምዱ ከየት ይጀመራል? መጀመሪያ ፈጣን ንድፍ ነው። ሰው እየተንቀሳቀሰ ሳለ በ30 ሰከንድ፣ በአንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ በሁለት ደቂቃ ይነደፋል። ዓይንና አፍንጫ አይፈለግም። የሚፈለገው ክብደቱ በየትኛው እግሩ ላይ እንዳረፈ፣ ወገቡ ወዴት እንዳዘነበለ፣ ትከሻው እንዴት እንደ ወረደ ነው። ኪሞን ኒኮላይዲስ የተባሉት አሜሪካዊ መምህር ከሞቱ በኋላ በ1941 የታተመው መጽሐፋቸው ይህን ልምምድ በሰፊው ያስተምራል። ሞዴል መቅጠር አያስፈልግም። ትሪ ተሸክማ በጠረጴዛ መካከል የምትሽሎከለክ አስተናጋጅ፣ በሠርግ ላይ እስክስታ የሚመታ ጎረምሳ ይበቃል። መቋሚያ ተደግፎ ሰዓታት የሚቆም ሽማግሌ ስለ ሰውነት ክብደት ከማንም የበለጠ ያስተምራል። በቅዳሴ ሰዓት ደብተር ማውጣት እርግጥ ነውር ነው፤ አይቶ፣ ቤት ገብቶ ከትውስታ መንደፍ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ቀጥሎ ቅርጽ ይመጣል። ማንኛውም ነገር ከኳስ፣ ከሳጥን፣ ከቱቦና ከሾጣጣ ይገነባል። ጀበናን ያየ ይገባዋል፤ ሆዷ ኳስ፣ አንገቷ ቱቦ ነው። የመሶብ ክዳን ሾጣጣ ነው። የሲኒ አፍ ክብ ቢሆንም ከጎን ሲያዩት ሞላላ ይሆናል፤ ዓይን ከፍ ሲል ሞላላው ይሰፋል፣ ዝቅ ሲል ይጠባል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አፏን ክብ፣ መቀመጫዋን ቀጥ ያለ መስመር አድርጎ ይሥላታል። ረከቦት ላይ የተደረደሩ ስድስት ሲኒዎችን አስተካክሎ የነደፈ ልጅ የመኪና ጎማም ሆነ የግንብ ማማ አያቅተውም።

ያችኑ ጀበና መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ብርሃን ባንድ ወገን ብቻ እንዲያርፍባት ማድረግ ደግሞ የብርሃንና የጥላ ትምህርት ነው። የሚያበራው ቦታ አለ፤ ግራጫው አለ፤ ጨለማው አለ፤ በጨለማው ጠርዝ ከጠረጴዛው ተመልሶ የሚያርፍ ደብዛዛ ብርሃን አለ፤ በመጨረሻም ጠረጴዛው ላይ የወደቀው ጥላ አለ። እነዚህን ለይቶ በአንድ እርሳስ ለማውጣት አንድ ከሰዓት በኋላ አይበቃም። በትልልቅ የጌም ኩባንያዎች ብርሃን ብቻ የሚያስተካክል ባለሙያ ራሱን ችሎ ይቀጠራል።

የአጥንትና የጡንቻ ጥናቱ ረጅም ነው። የአንድሩ ሉሚስ በ1943 የወጣ የሰው ሥዕል መጽሐፍ እስካሁን ይነበባል፤ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቆ መዋስ ነው። ዋሽንግተን የሚኖር የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምን አፅሞች፣ የእንስሳት ማቆያውን አንበሶች በነፃ ይነድፋል። ናሽናል ጋለሪ ኦቭ አርትም መግቢያው ነፃ ነው፤ በእርሳስ መንደፍም ይፈቀዳል።

ልጆች «በስክሪኑ ላይስ ብለማመድ?» ማለታቸው አይቀርም። ስክሪኑ ላይ የተሳሳተ መስመር ባንድ ጣት ይጠፋል። ልጁም አንዲት መስመር አሥር ጊዜ ሲያጠፋና ሲመልስ ይውላል፤ ምስሉ ያምራል፣ እጁ ግን አይማርም። ወረቀት ላይ ስሕተቱ ተቀምጦ ያሳፍራል፤ በሚቀጥለው ገጽ ይታረማል። የጃፓን ካርቱን ፊት እየገለበጡ መሣልም ያው ነው። መገልበጥ ክፉ አይደለም፣ የአገር ቤቱ ሠዓሊም ከመምህሩ እየገለበጠ ነው የተማረው። ነገር ግን የሌላውን ሰው መልስ ብቻ የገለበጠ ልጅ አዲስ ጥያቄ ሲመጣበት ይደናገራል።

ወረቀት ጊዜው ያለፈበት የሚመስለው ካለ «ከፕሄድ» የተባለውን ጌም ይመልከት። ቻድና ጃሬድ ሞልደንሃወር የተባሉ ካናዳውያን ወንድማማቾች ቤታቸውን አስይዘው የሠሩት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። የ1930ዎቹን ካርቱን ለመምሰል እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ በእጅ ተነደፈ፤ ጀርባው በውኃ ቀለም ተሣለ፤ ኮምፒዩተር የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

መምህር የቸገረው ወላጅ መጀመሪያ በራሱ ወገን መካከል ቢጠይቅ ይሻላል። የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት የተማሩ ናቸው፤ የስም መመሳሰል እንጂ ከተዘጋው ሰንሰለት ጋር ዝምድና የለውም። እስክንድር ቦጎስያን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ዋሽንግተን በሚገኘው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ከአዲስ አበባው ትምህርት ቤት የወጡ ሠዓሊዎች ዛሬ በአሜሪካ ከተሞች ይኖራሉ፤ ኑሮ ሌላ ሥራ ላይ ያዋላቸውም አሉባቸው። የልጅን ደብተር ገልጦ «ይህቺ እጅ አልተሠራችም» የሚል ሰው ከእነሱ መካከል አይታጣም።

የሥራው ገበያ ቀላል ነው ብሎ ማንም ቃል ሊገባ አይገባም። በ2023 እና በ2024 የጌም ኩባንያዎች ብዙ ሺህ ሠራተኞች አሰናብተዋል፤ ከ2022 ወዲህም በጽሑፍ ታዝዘው ሥዕል የሚያወጡ ፕሮግራሞች ተስፋፍተዋል። እጁ የለመደ ሰው ቢያንስ ፕሮግራሙ ያወጣው ክንድ የት እንደ ተጣመመ ያያል፤ በጌም ባይቀናውም ለፊልም፣ ለሕክምና መጻሕፍት ወይም ለሥነ ሕንፃ መንደፍ ይችላል።

እንግዲህ ወላጅ ከመበደሩ በፊት አንድ ዓመት ልጁን በደብተር ይፈትነው። ደብተሩ ከሞላ፣ ሁለተኛውም ከተጀመረ፣ ሜሪላንድ ያለ ወላጅ በሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ ያለም በኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በመጠነኛ ክፍያ የንድፍ ትምህርት ያገኝለታል። ናሽናል ፖርትፎሊዮ ዴይ የሚባል ዝግጅትም በየዓመቱ በልዩ ልዩ ከተሞች ይደረጋል። እዚያ የሥነ ጥበብ ኮሌጆች መምህራን የተማሪውን ሥራ በነፃ አይተው ጉድለቱን ይነግሩታል። ይዞ የሚቀርበው ከሕይወት የተነደፈ ሥራ ይሁን፤ ከጌም የተገለበጠውን ቤት መተው ይሻላል። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ በማለዳ መድረስ ያስፈልጋል።