የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ሰልባትዮ ውስጡ ሲጸዳ

ለዓመታት ቆሞ የከረመ ሞተር ብስክሌት አልነሳ ሲል በቅድሚያ የሚጠረጠረው ካንዴላው ነው። እኛ ግን ክዳኑን ከፍተን የሰልባትዮውን ውስጥ ስንመለከት ያገኘነው እንደ በርበሬ የቀላ ዝገት ነበር። ብናኙ እየወረደ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ደፍኗቸዋል።

ውሃው ከወዴት መጣ? በግማሽ በተሞላ ሰልባትዮ ውስጥ ያለው አየር ቀን ሲሞቅ ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ከውጭ ይገባል። እርጥበቱ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድም ወደ ሥሩ ይወርዳል።

ውድ አንባብያን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ግን የእሳቱን ነገር እናንሳ። ባዶ የሚባለው ሰልባትዮ ከሙሉው ይልቅ ያሰጋል፤ የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ተኑ ነውና። የቤንዚን ተን ከአየሩ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ያህል ሲሆን አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ስለዚህ ቤንዚኑን ቀድተን፣ በሳሙና ውሃ ደጋግመን አጥበን፣ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ በገላጣ ቦታ አስቀመጥነው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዳዶዎች ከውሃ ጋር ጨምረን እንደ ቅል ናጥነው። ዳዶዎቹን ቆጥሮ ማስገባት ይበጃል፤ እኛ ሳንቆጥር አስገብተን አንዱን ስንፈልግ ግማሽ ቀን ፈጅተናል።

የቀረውን ዝገት ለሲትሪክ አሲድ ተውነው፤ ሎሚን የሚያኮመጥጠው ይኸው አሲድ ነው። በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ 50 ግራም ያህል በጥብጠን እስከ አፉ ሞልተን አሳደርነው። የሲትሬት አዮን የብረቱን አዮን ከብዙ አቅጣጫ ጨብጦ ወደ ፈሳሹ ያወጣዋል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈጥናል፤ ሆኖም ዝገቱን ሲጨርስ ጤናማውን ብረት በብርቱ ስለሚበላ ለስስ ቆርቆሮ አንመክረውም። በሶዲየም ካርቦኔት ውሃና በ12 ቮልት ቻርጀር በኤሌክትሮሊሲስ የሚያጸዱም አሉ። እነርሱ ሃይድሮጂን እንደሚወጣ አይዘንጉ፤ ለአኖድም የማይዝግ ብረት አይጠቀሙ፤ መርዛማ ክሮሚየም ይለቃልና።

ጠዋት ስንመለስ ከሥሩ ጠብታ አገኘን። ለካስ የመርፌ ቀዳዳ የምታህለውን ሽንቁር ደፍኖ የያዛት ዝገቱ ራሱ ኖሯል! በያጁ አሲዱን አስደፍቶ፣ ሰልባትዮውን ገልብጦ እስከ ሽንቁሩ አጠገብ በውሃ ሞላው፤ ወደ ላይ የዞረውን የነዳጅ መውጫም ክፍት ተወው። ለተን የሚተርፍ ቦታ እንዳይኖር፣ እንፋሎቱም መውጫ እንዳያጣ ነበር ጥንቃቄው።

ከብየዳው በኋላ ለአንድ ሰዓት ዳግመኛ በአሲድ አጠብነው። አሲዱን የሚያረክስ የሶዲየም ባይካርቦኔት ውሃ አስከትለን ወዲያው በሞቀ አየር አደረቅነው፤ ራቁቱን የቀረ እርጥብ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ይቀላል። በመጨረሻ ጥቂት የሞተር ዘይት አንከባለልንበትና አዲስ ቤንዚን እስከ አንገቱ ሞላነው።