የአክሪሊክ ሉህን በሙቀት ስለ ማጠፍ፤ ሻጩ ለገዢው ሊነግረው የሚገባው

እንደ መስተዋት የጠራው የአክሪሊክ ሉህ ለማስታወቂያ ሰሌዳና ለመብራት መከለያ ማገልገሉ የታወቀ ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ የኮምፒዩተር ሣጥን እንደ ፈቃዳቸው ለመሥራት የሚሹ ሰዎች ይገዙታል። እነዚህ ገዢዎች ሉሁን ቆርጠው ብቻ አይተዉትም፤ በሙቀት አለስልሰው ያጥፉታል። የሉሁን ዓይነት ሳይነገራቸው የገዙ እንደ ሆነ ግን ገንዘባቸውም ድካማቸውም ከንቱ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የዕቃውን ጠባይ ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች በአጭሩ መግለጽ ጠቃሚ ሆኖ ታይቶናል።

ይህ ዕቃ በጀርመን አገር ፕሌክሲግላስ፥ በእንግሊዝ አገር ፐርስፔክስ በሚባል ስም ከ1930ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፕላን መስኮት አገልግሏል። ክብደቱ ከመስተዋት እኩሌታ ያነሰ ነው፤ ከሚያርፍበት ብርሃንም ከ100 እጅ 92ቱን ያህል ያሳልፋል። 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ፥ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ሉህ ወደ 10 ኪሎ ተኩል ይመዝናል።

ነጋዴው አጥብቆ ሊያውቀው የሚገባው ነገር አክሪሊክ ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። አንደኛው በሁለት መስተዋቶች መካከል ፈስሶ የሚረጋው ነው፤ ሁለተኛው ቀልጦ በማሽን ተገፍቶ የሚወጣው ነው። መከላከያ ወረቀታቸውን ለብሰው ጎን ለጎን ሲቆሙ ዓይን አይለያቸውም። ፈስሶ የረጋው ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል፤ ሙቀትንና ማጣበቂያን ይበልጥ ይችላል፤ ውፍረቱ ግን ከቦታ ቦታ ጥቂት ይለያያል። በማሽን የወጣው ዋጋው ዝቅ ያለ፥ ውፍረቱም የተስተካከለ ነው፤ ነገር ግን ባነሰ ሙቀት ይለሰልሳል፤ ሲሞቅም ከማሽኑ በወጣበት አቅጣጫ አብዝቶ ይኮማተራል።

የዚህ ልዩነት ጉዳት በሥራ ላይ ይገለጣል። ፈስሶ የረጋው ሉህ በሙሉ በምድጃ ውስጥ ሲሞቅ ከ100 እጅ 2 እጅ ያህል ሊያጥር ይችላል፤ ይኸውም በ45 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላይ 9 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በማሽን የወጣው ደግሞ በወጣበት አቅጣጫ ከዚህ ይበልጥ ያጥራል። ኤቲኤክስ የሚባለው ማዘርቦርድ ልኩ 30.5 በ24.4 ሳንቲ ሜትር፥ ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለውም 17 በ17 ሳንቲ ሜትር ተብሎ የተወሰነ ስለ ሆነ፥ ሣጥኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢጎድል ብሎኖቹ አይገጥሙም።

ለኮምፒዩተር ሣጥን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞቀው የሚታጠፈው መሥመር ብቻ ነው። ሠራተኛው ወረቀቱን ከልጦ፥ ሉሁን በኤሌክትሪክ ከሚግል ሽቦ በላይ ሳያስነካ ያስቀምጠዋል፤ ሉሁ ከ5 ሚሊ ሜትር የወፈረ እንደ ሆነ ሁለቱንም ገጽ ያሞቃል። ሙቀቱ ወደ 150 ወይም 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ሉሁ ያለ ኃይል ይታዘዛል። በዚህ ጊዜ የሞቀውን ገጽ ወደ ውጭ አድርጎ ያጥፈዋል፤ በእንጨት አስደግፎም እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይይዘዋል እንጂ ውሃ አያፈስበትም። አረፋ ካወጣ ሙቀቱ በዝቷል፤ ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ ሙቀቱ አንሷል ማለት ነው። አክሪሊክ ተቀጣጣይ ስለ ሆነ በእሳት ነበልባል ማሞቅ አይገባም፤ የሥራው ክፍልም አየር የሚገባበት ይሁን።

ሥራው ካለቀ በኋላም አደጋ አለ። የታጠፈው ቦታ በውስጡ ውጥረት ስለሚቀርበት፥ በአልኮል ወይም አልኮል ባለበት የመስተዋት ማጽጃ ቢወለወል እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ያወጣል። ስለዚህ ሻጩ ለብ ያለ ውሃ፥ ጥቂት ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ እንዲጠቀም ገዢውን ይምከረው። ፖሊካርቦኔት የሚባለውንም ከአክሪሊክ ጋር አያደባልቀው፤ እርሱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፥ ሳይደርቅ ቢሞቅ አረፋ ያወጣል።

እንግዲህ አስመጪው ዕቃ ሲያዝ የሉሁን ዓይነትና ውፍረት በፕሮፎርማው ላይ ያስጽፍ፤ በማሽን የወጣ እንደ ሆነም የወጣበት አቅጣጫ በወረቀቱ ላይ እንዲመለከት ይጠይቅ። ባለሱቁም ሁለቱን ዓይነት በየመደርደሪያቸው ይለይ፤ የሸጠውንም ዓይነት በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ከዚያው ሉህ የተረፈ ቁራጭ ለመሞከሪያ ቢጨምርለት፥ ገዢው ዋናውን ሉህ ከመንካቱ በፊት ሙቀቱን ይለማመድበታል። ይህ ሁሉ የሚያስወጣው ወጪ ጥቂት ነው፤ ሣጥኑ የተበላሸበት ሰው ግን ጥፋቱ የእጁ ይሁን የዕቃው ለይቶ ማወቅ ስለማይችል፥ ሁለተኛ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም።