የየቲም ልጅ ኀዘን በምን ይታወቃል?



የቲምን ስንረዳ ብዙውን ጊዜ የምንመዘግበው የሚቆጠረውን ነው፤ እህሉን፣ ደብተሩን፣ ልብሱንና የወሩን ብር። በልጁ ልብ ያለው ግን በመዝገብ አይሰፍርም። ስለዚህ የአገራችን ተመራማሪዎች የሕጻናትን የአእምሮ ጤና እንዴት እንደመረመሩና ለየቲም አሳዳጊዎች ምን እንደሚጠቅም በአጭሩ እናብራራለን።

ከተመራማሪዎቹ አንዱ የአእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ምኒልክ ደስታ ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር በቡታጅራ ገጠር ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። በአዲስ አበባ ሕጻናት ላይ ያደረጉትንም እ.ኤ.አ. በ2008 በስዊድን አገር ለኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፍ አድርገው አቅርበዋል።

እንዲህ ያለው ጥናት የሚጀምረው ወላጅን ወይም አሳዳጊን በመጠየቅ ነው። ትንሽ ልጅ «አዝኛለሁ» ብሎ አይናገርምና፤ ኀዘኑ በሰውነቱና በጠባዩ ይወጣል። የሚጠየቁት አሥር ነገሮች ናቸው። ልጁ አነጋገሩ ከእኩዮቹ ይለያልን? እንቅልፉ ይረበሻልን? የሚጥል በሽታ ይታይበታልን? ራሱን ያመዋልን? ከቤት ይጠፋልን? ይሰርቃልን? ያለ ምክንያት ይፈራልን? ትምህርት ይከብደዋልን? ከልጆች ጋር ከመጫወት ይርቃልን? ሽንቱ ወይም ዓይነ ምድሩ ያመልጠዋልን?

«አዎን» የተባለለት ልጅ ሁሉ ግን በሽተኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው የአምቦ ጥናት ችግር የታየባቸው ሕጻናት ከመቶ 17.7 ነበሩ። በቡታጅራ ግን በዝርዝር ቃለ መጠይቅ ተጣርቶ ሕመም አለባቸው የተባሉት ከመቶ 3.5 ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ጥያቄው ትኩረት የሚሻውን ልጅ ይጠቁማል፤ ሕመሙን የሚለየው ባለሙያ ነው።

ይህን የምንጽፈው ከጥፋታችን ተምረን ነው። አባቱ የሞተበት አንድ የአንኮበር ልጅ በመድረሳ ሲያንቀላፋና ቁርኣኑን ሲረሳ ሰነፍ መስሎን ቀጥተነዋል። ሌሊት እንደማይተኛና መኝታውን እንደሚያርስ ከአያቱ የሰማነው ዘግይተን ነው። እርሳቸውን ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ በትሩ ባልተነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ከደረሰ ወዲህም ሞትንና ስደትን ያዩ ሕጻናት በየቤታችን አሉ።

ስለዚህ አሳዳጊዎች ሆይ፣ ለውጡ መቼ እንደጀመረ አስተውሉ። ደርቆ ያደረ የነበረ ልጅ ከወላጁ ሞት በኋላ መኝታውን ማርጠብ ከጀመረ አትምቱት፣ በእኩዮቹም ፊት አታዋርዱት፤ ምክንያቱ የሰውነት ሕመም ሊሆንም ይችላልና ለጤና ባለሙያ አሳዩት። የመኝታውን ሰዓት አጽኑለት፤ ስለ ሟቹ ሲጠይቅም እውነቱን በለሰለሰ ቃል ንገሩት። የሚጥል በሽታ ካለበት፣ ምግብ ከከለከለው ወይም ሞትን እመኛለሁ ካለ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ዱዓእም ሕክምናን አይከለክልም።

እናንተም ለጋሾች፣ የቲሙን በጎበኛችሁ ቁጥር «ምን ጎደለው?» ከማለት ጋር «እንዴት ያድራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አባታቸው ከመወለዳቸው በፊት፣ እናታቸው በስድስት ዓመታቸው አርፈውባቸው በአያታቸው፣ ቀጥሎም በአጎታቸው እጅ ያደጉ የቲም ነበሩ። አላህ (ሱ.ወ.) ለየቲሞቻችን የሚያዝን ልብና የሚያስተውል ዓይን ይስጠን። አሚን።