የውሳኔው ወንበርና የገጠሯ ልጅ ታሪክ

ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚያልፈው አውራ ጎዳና የቆቦን ሜዳ ሲያቋርጥ ግራና ቀኙ የማሽላ ማሳ ነው። በዚህ የራያ ቆላ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ገጠር ሁሉ፣ ውኃ የምትቀዳውና ከማሽላው ላይ ወፍ የምትጠብቀው ልጃገረድ የምርቱ ተካፋይ ናት። ስለ ገዛ ትዳሯ ግን ለረጅም ዘመን ፈቃዷ ሳይጠየቅ ኖሯል። የእርሷን ሕይወት የፊልም ሸራ ላይ ማየትም ብርቅ ነበር። የትኛው ታሪክ ፊልም ይሁን ብሎ የሚወስነው ማነው?

ተመልካች ፊልምን የሚያውቀው በተዋናዮቹ ነው። ታሪክ መርጦ፣ ገንዘብ አፈላልጎ፣ ውል ተዋውሎ፣ ባለሙያ አሰባስቦ ሥራውን ከዳር የሚያደርሰው ግን ፕሮዲዩሰሩ ነው። ይህ ወንበር በዓለም ዙሪያ በአመዛኙ በወንዶች ተይዞ ኖሯል። በሆሊውድ እንኳ ሼሪ ላንሲንግ የአንድ ትልቅ ኩባንያ የፊልም ምርት ክፍልን በፕሬዚዳንትነት ለመምራት የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት በ1972 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ወንበር ከተቀመጡት ኢትዮጵያውያት አንዷ ዶክተር ምሕረት ማንደፍሮ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልደው አሜሪካ ያደጉት ምሕረት በሐርቫርድ ሕክምና፣ በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የባህል ሥነ ሰብእ ተምረዋል። በኒው ዮርክ ደቡብ ብሮንክስ ኤች.አይ.ቪ. ያለባቸውን ጥቁር ሴቶች ሲያክሙ፣ በሽታው የድህነትና የአቅም ማጣት ጉዳይ ጭምር መሆኑን ተመለከቱ። ከሐኪም ቤት ወደ ፊልም ያሻገራቸውም ይኸው ለብዙ ሰው የመናገር ፍላጎት ነው።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ ያዘጋጀውና ምሕረት በፕሮዲዩሰርነት የተሳተፉበት «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ፊልሙ በአማርኛ የተሠራ ነው። ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችውን የ14 ዓመት ሂሩትንና የጠበቃዋን ትግል ይተርካል። መነሻውም በ1980ዎቹ መጨረሻ የተፈጸመ እውነተኛ ጉዳይ ነው። ስሙ ጀግንነትንም ጥቃትንም ማለቱ በአጋጣሚ አይደለም።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል፣ ከባለታሪኳ መብት ጋር በተያያዘ አቤቱታ የፍርድ ቤት እገዳ ደረሰበት። ስለ ተበደለች ልጅ ድምፅ የሚናገር ሥራ የዚያችን ልጅ ፈቃድ እስከ ምን ድረስ መጠየቅ አለበት? ይህ ጥያቄ የፊልሙን ዋጋ አያጎድልም፤ የፕሮዲዩሰሩ ኃላፊነት ከገንዘብ በላይ መሆኑን ግን ያስረዳል።

ምሕረት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት በጀመረው በቃና ቴሌቪዥን ሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲዩሰር ሆነው አገልግለዋል።

ሕጉ በበኩሉ ተራምዷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አደረገ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም፣ ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው ደነገገ። ይሁንና ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ ልጅን አይጠብቅም፤ ጎረቤት ሲያውቀውና ሲቆምለት ነው የሚጠብቀው።

ስለዚህ የቆቦ ነዋሪዎች ማኅበራት እንዲህ ያለውን ፊልም በቀበሌ አዳራሽ አሳይተው ቢወያዩበት ትርፉ የነዋሪው ነው። ውይይቱም «እንዴት ያለ ፊልም ነው!» በማለት አይቋጭ። «በእኛ መንደር ለጋብቻ የታሰበች ልጅ አለችን? ማንስ ጠይቋታል?» ይበል። ነገም ያችው የማሽላ ጠባቂ የራሷን ታሪክ ራሷ መርጣ እንድታቀርብ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት መቆየት ይኖርባታል።